ከሃይዝ እስከ ዳንጀነስ በትንሿ ባቡር

ሰውነት ከድካም ማረፍ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ ቤተ ሰብም አልፎ አልፎ በአንድነት ማረፍ ያስፈልገዋል። በአንድ ጣራ ሥር ማደርና በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጥ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን አባት በሥራው፥ እናት በሥራዋ፥ ልጆች በትምህርታቸው ተይዘው ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደራረብ፥ አንዱ የሌላውን የእግር ኮቴ እንጂ የልቡን ሐሳብ ሳይሰማ ይቀራል። ይህ ችግር በአገር ቤትም አለ፤ በእንግድነት አገር ግን ይበረታል። በዚያ ሽማግሌው በአማርኛ ይጠይቃል፥ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ቢዋደዱም የጋራ ወሬ ያጣሉ። ያለ ወሬ የሚኖር ፍቅር ደግሞ በዐመድ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፤ አለ፥ ነገር ግን አያሞቅም።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውንና አረጋውያንን ይዘው አንድ ቀን ከቤት መውጣታቸው እንደ ቅንጦት የሚቈጠር አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ወዴት ይወጣ የሚለው ጥያቄ ነው። ልጅን የሚያስደስተው ቦታ ሽማግሌን ያደክማል፤ ለሽማግሌ የሚስማማው ቦታ ልጅን ያሰለቻል። ሁለቱንም በአንድ ወንበር አስቀምጦ የሚያስደስት ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። እኛ ባለፈው ነሐሴ እንዲህ ያለ ስፍራ ስላገኘን፥ ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። ስፍራው በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፥ ኬንት በሚባለው አውራጃ በባሕር ዳር ይገኛል፤ ስሙም የሮምኒ፥ የሃይዝና የዲምቸርች የባቡር መንገድ ይባላል። በመልኩ የልጆች መጫወቻ ይመስላል፤ በሥራው ግን እውነተኛ ባቡር ነው።

እኛ የምንኖረው በሎንዶን ከተማ ነው። ከእኛ ጋር ያሉት አባታችን የ84 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። የተወለዱትና ያደጉት በድሬዳዋ ነው፤ የሥራ ዘመናቸውንም ያሳለፉት በምድር ባቡር የጥገና ፋብሪካ ብረት ሲሠሩ ነው። የእሳቸውም አባት ቀደም ሲል በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። ወደ እኛ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በድሬዳዋ የባቡሩ ሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ እሱን ይሞካክራሉ፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። ልጆቻችን፥ የ12 ዓመቷ ሴትና የ8 ዓመቱ ወንድሟ፥ ጧት ጧት ጕልበታቸውን ስመው «አባባ፥ እንደምን አደሩ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቀጥል ነገር የለም። ሐኪሙም ዐይናቸው እየደከመ መሄዱን ከነገረን ወዲህ፥ ዝምታቸው ከወር ወደ ወር እየበዛ ሄደ። በልባቸው ያለው የአንድ ዘመን ዕውቀት ማንም ሳይጠይቃቸው ከእሳቸው ጋር ያልፋል የሚል ሥጋት ያደረብን በዚህ ምክንያት ነው።

የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ የመጣው የነሐሴ የመጨረሻው ሰኞ በእንግሊዝ አገር የዕረፍት ቀን ነው። በዚያ ቀን ዳቦ፥ የተቀቀለ ዕንቍላል፥ ቆሎና በፔርሙዝ የተሞላ ሻይ ይዘን በማለዳ ወጣን። ሴንት ፓንክራስ ከሚባለው የሎንዶን ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ፎክስተን ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሃይዝ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ሃይዝ በኰረብታ ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በመካከሏ የሚያልፈው ጸጥ ያለ ቦይ ለጌጥ የተቈፈረ አይደለም። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝን ይወጋል ተብሎ በተፈራበት ጊዜ፥ ከ1804 ጀምሮ ለመከላከያ የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ዛሬ በዚያ ቦይ ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ፥ በዳርና በዳሩም ሰዎች በእግራቸው ይንሸራሸራሉ።

የባቡሩ ጣቢያ ከቦዩ አጠገብ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ሐዲዱን የተመለከተ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 381 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፥ አንድ ሰው ያለ ችግር እግሩን ከፍቶ በሁለቱ ላይ ሊቆም ይችላል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የታወቀው ሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ ይህ ከሩቡ ጥቂት ብቻ ይበልጣል ማለት ነው። የባቡሮቹም ቁመት የትልቁን ባቡር ሲሶ ያህላል። ነገር ግን መንገዱ በአንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ የሚዞር አጭር ነገር አይምሰላችሁ። ከሃይዝ ተነሥቶ፥ ዲምቸርችን፥ ሴንት ሜሪስ ቤይንና ኒው ሮምኒን አልፎ እስከ ዳንጀነስ ድረስ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል።

ይህ ነገር የተጀመረው በሁለት ባለጸጋ ወዳጆች ምኞት ነው። አንደኛው ሻምበል ሃዊ፥ ሁለተኛው ካውንት ልዊስ ዝቦሮውስኪ ይባሉ ነበር። ሁለቱም በመኪና እሽቅድምድም የታወቁ ነበሩ። መጠኑ ትንሽ፥ ሥራው ግን ሙሉ የሆነ የባቡር መንገድ ለመሥራት ተስማሙ፤ ዝቦሮውስኪም ሄንሪ ግሪንሊ የተባለ መሐንዲስ የነደፋቸውን ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች በኮልቸስተር ከተማ ለሚገኝ ፋብሪካ አዘዘ። ይሁን እንጂ በ1924 በኢጣልያ አገር በሞንዛ በተደረገው እሽቅድምድም ላይ መኪናው ተጋጭቶ ሞተ፤ ያዘዛቸውንም ባቡሮች ሳያይ ቀረ። ሃዊ ግን የወዳጁን ሐሳብ አልተወም። ባቡሮቹን ተረክቦ፥ የሚዘረጋበትን መሬት በግሪንሊ ምክር ፈልጎ አገኘ። በ1926 በኋላ ንጉሥ ጊዮርጊስ ስድስተኛ የተባሉት የዮርክ መስፍን መጥተው አንዱን ባቡር በገዛ እጃቸው ነዱ። በሐምሌ ወር 1927 መንገዱ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1928 ደግሞ እስከ ዳንጀነስ ተዘረጋ።

የዚያን ዕለት የእኛን ፉርጎዎች የምትስበው ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዷ ነበረች። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፤ ስሟም ከአንድ የዚያ ዘመን ቴአትር የተወሰደ ሲሆን ግሪን ጎዴስ ይባላል። ትርጕሙ አረንጓዴዪቱ የጣዖት እመቤት እንደ ማለት መሆኑን ስንነግራቸው አባታችን ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፥ «እኔ በዚህ ስም አልጠራትም፤ አረንጓዴዋ ሙሽራ ትባል» አሉ። ልጆቹ ሣቁ፤ ከዚያም በኋላ ቀኑን ሙሉ ሙሽራ እያሉ ጠሯት። ነጂው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፥ በአንድ እጁ ዘይት ማጠጫ በሌላው ጨርቅ ይዞ፥ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እየዳሰሰ ዘይት ያጠጣል። አባታችን በምርኵዛቸው ተደግፈው ቀረብ አሉና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ዐይናቸው በደንብ ስለማያይላቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ነጂውም ምን እንደ ፈለጉ ገብቶት፥ ያልጋለውን ብረት አመለከታቸው። በዚያን ጊዜ የመንኰራኵሩን ማገናኛ ዘንግ እንደ በግ ጀርባ እየዳሰሱ ስሙን በፈረንሳይኛ ጠሩ፥ ቀጥለውም የሚቀጥለውን፥ ከዚያም የሚቀጥለውን።

ወንድ ልጃችን፥ «አባባ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በአማርኛ ጠየቀ። ይህን በቤታችን ብዙ ጊዜ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ሽማግሌውም እንደ መምህር ቆመው ያስረዱት ጀመር፤ እኛም ልጁ ያልገባውን ቃል ስንተረጕም ብዙ ነገር ዐወቅን። የእንፋሎት ባቡር አሠራር እንዲህ ነው። ከነጂው ፊት እሳቱ የሚነድበት ሣጥን አለ። የእሳቱ ግለት በውሃ በተሞላው ትልቅ በርሜል ውስጥ በተዘረጉ ብዙ ቱቦዎች ያልፋል፤ ውሃውም ይፈላል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1600 ሊትር በላይ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል፤ በብረት ታጥሮ ቦታ ሲያጣ ግን ኀይል ይሆናል። ነጂው መክፈቻውን በሳበ ጊዜ ያ ኀይል ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑን አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ዘንጉን፥ ዘንጉም መንኰራኵሩን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ አየሩን ከኋላው ስለሚስብ እሳቱን ያራግበዋል። ስለዚህ ባቡሩ ብዙ በሠራ ቍጥር እሳቱም ብዙ ይነዳል።

«እንግዲህ ውሃው እየፈላ ሲያልቅ በምን ይጨመራል?» ስትል ሴት ልጃችን ጠየቀች፤ በውስጥ ያለው ግፊት አዲሱን ውሃ መልሶ አይገፋውምን? አባታችን በዚህ ጥያቄ እጅግ ደስ አላቸው። የገዛ እንፋሎቱ በጠባብ አፍ በኩል በፍጥነት እየተወረወረ ቀዝቃዛውን ውሃ ይዞ በግድ ወደ ውስጥ የሚያስገባበት መሣሪያ እንዳለ፥ እሱም ኢንዤክተር እንደሚባል ነገሯት። ነጂው ቃሉን ሲሰማ ቀና ብሎ ሣቀ፤ በእንግሊዝኛም ስሙ ያው ነውና። መሣሪያውንም ከፍቶ አሳያቸው። አንዱ በአማርኛ፥ ሌላው በእንግሊዝኛ እየተናገሩ፥ በአንድ ቃል ተግባቡ። በትልቁ ባቡር ላይ ነጂና እሳት አንዳጅ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፥ በዚህ በትንሿ ላይ ግን አንድ ሰው ሁለቱንም እንደሚሠራ በተነገራቸው ጊዜ አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያውስ ደሞዙ እጥፍ መሆን አለበት» አሉ። እኛም ይህን ለነጂው ተረጐምንለትና ለአለቆቹ እንደሚነግርላቸው ቃል ገባ።

ፉርጎው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ጐንበስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል፤ ከገቡ በኋላ ግን ወንበሩ ይመቻል። ፊሽካው ተነፋ፤ ባቡሩም ቀስ ብሎ ተነሣ። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ለመሬት ቅርብ ሆኖ ለተቀመጠ ሰው ከዚያ በላይ የሚበር ይመስለዋል። መጀመሪያ በቤቶች ጓሮ መካከል ያልፋል፤ የተሰጣ ልብስ፥ የጐመን መደብ፥ እጃቸውን የሚያውለበልቡ ሕፃናት ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይከፈታል። ይህ የሮምኒ ረግረግ የሚባለው አገር ነው። ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ቦይ እየቈፈሩና ግድብ እየገነቡ ከባሕር የነጠቁት መሬት ስለ ሆነ፥ ብዙው ክፍል ማዕበሉ ሲሞላ ከባሕሩ በታች ይሆናል። በዲምቸርች ያለው ረጅም ግንብ ባይኖር ኖሮ ሣሩም መንደሩም በውሃ ይሸፈን ነበር። በዚህ ሣር ላይ የሚሰማሩት የሮምኒ በጎች ዘራቸው እስከ ኒው ዚላንድ ድረስ ተወስዶ ተራብቷል።

በሴንት ሜሪስ ቤይ ስናልፍ ለልጆቻችን ያሳሰብናቸው አንድ ነገር አለ። ስለ ባቡርና ስለ ሦስት ልጆች የሚናገረውን የታወቀ መጽሐፍ በ1906 ያሳተመችው ደራሲ ኤዲት ነስቢት የመጨረሻ ዘመኗን ያሳለፈችው በዚህ አካባቢ ነው። በ1924 ዐርፋ ሴንት ሜሪ ኢን ዘ ማርሽ በምትባለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተቀብራለች። ትንሿ ባቡር የተከፈተችው እሷ ካረፈች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለ ባቡር ለልጆች የጻፈች ሴት በተቀበረችበት አገር ይኸው ዛሬ ልጆች በባቡር ይመላለሳሉ።

ኒው ሮምኒ የመንገዱ ማዕከል ናት፤ የባቡሮቹ ማደሪያና የጥገና ፋብሪካው በዚያ ይገኛሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ የባሕር ዳርቻ ለጠላት ቅርብ ስለ ነበረ ወታደሮች መንገዱን ተረከቡት፤ ከባቡሮቹም አንዱን ብረት አልብሰው መሣሪያ ጠምደው ለጥበቃ አሰማሩት። ለመዝናኛ የተሠራው ነገር ጋሻ ሆነ ማለት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሐዲዱ ተጐድቶ ነበር። ቢሆንም በ1946 ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ፥ በ1947 ደግሞ እስከ ዳንጀነስ ያለው ተጠግኖ ተከፈተ፤ የሁለተኛውን ክፍል መከፈት ያበሠሩት ሎሬልና ሃርዲ የተባሉት ዝነኞች የሲኒማ ቀልደኞች ነበሩ። ሃዊ በ1963 ከሞተ በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ በ1972 ግን ዊሊያም ማክአልፓይን የመሩት የባቡር ወዳጆች ማኅበር ገዝቶ አዳነው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፤ እስከ 2015 ድረስ የአካባቢው ተማሪዎች በዚህች ባቡር ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመላለሱ ነበር።

ከኒው ሮምኒ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ይሆናል፤ ሣሩም እየሳሳ ይሄድና ምድሩ በሙሉ ጠጠር ይሆናል። ዳንጀነስ በኤውሮጳ ካሉት የጠጠር ዳርቻዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። አጥር የለ፥ ዛፍ የለ፤ እዚህና እዚያ የተበተኑ ዝቅተኛ የእንጨት ቤቶች ብቻ ይታያሉ። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የባቡር ሠራተኞች አሮጌ ፉርጎዎችን ገዝተው በጠጠሩ ላይ እየጐተቱ ያቆሟቸው ናቸው። አባታችን ይህን ሲሰሙ፥ «ፉርጎ መቼም አይሞትም፤ መሄድ ሲያቅተው ቤት ይሆናል» አሉ። በ1904 የተመረቀው ጥቁሩ የመብራት ግንብ አለ፤ አጠገቡ የኑክሌር ኀይል ማመንጫ በተሠራ ጊዜ ብርሃኑን ስለ ጋረደው በ1961 ሌላ ግንብ ተተካለት። የመጀመሪያው ማመንጫ በ2006 ተዘጋ፤ ሁለተኛውም በ2018 ማመንጨት አቁሞ፥ እንደማይመለስ በ2021 ተነገረ። ለዚያ ግዙፍ ሕንፃ ዘመኑ ሲያልፍ፥ በአጠገቡ የምታልፈው የ1925 ሥራ የሆነች ትንሽ ባቡር ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናት።

በዳንጀነስ ሐዲዱ እንደ ገመድ ቋጠሮ ዞሮ ስለሚመለስ ባቡሩ ፊቱን ማዞር አያስፈልገውም። እኛም አንዱን ባቡር አሳልፈን የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ወርደን፥ ነፋሱን በሚከልል ግድግዳ ሥር ምሳችንን በላን። ልጆቹ ከጣቢያው ቤት የተጠበሰ ዓሣ በድንች ገዙ፤ ሽማግሌው ግን ቆሎውን መረጡ። አባታችን ያን ጊዜ የነገሩን ታሪክ ቀደም ብለን ያልሰማነው ነበር። በልጅነታቸው ለአባታቸው ምሳ በሰሐን ይዘው ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ ሲሄዱ፥ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣውን ባቡር ገና ሳያዩት በአተነፋፈሱ ብቻ ማን እንደሚነዳው ያውቁ ነበር። በበረሃው ውሃ ብርቅ ስለ ነበረ ለባቡሩ የሚሆን ውሃ እንደ ወርቅ ይጠበቅ ነበር። አባታቸው «ጥቁር ጭስ የእሳት አንዳጅ ዕፍረት ነው» ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም በወጉ ሳይነድ የወጣ ነገር ሁሉ የባከነ ሀብት ነውና። «የዛሬዋን ሙሽራ ጭስ አያችሁ? ነጭና ስስ ነው። ያ ሰው ሥራውን ያውቃል» አሉን።

ሴት ልጃችን ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ፥ «አባባ፥ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለቻቸው። የክፍሎቹን ስም በፈረንሳይኛ እሳቸው እንደሚጠሩት፥ በአማርኛ ሠራተኞቹ እንደሚሉት፥ በእንግሊዝኛም ነጂው እንደ ነገራት በሦስት ዐምድ ጻፈች። የአማርኛው ዐምድ ፊደሏ የተንጋደደ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሳያስገድዳት የጻፈችው የመጀመሪያው የአማርኛ ገጽ ነው። ልጁ ደግሞ፥ «ያ ባቡር ዛሬም ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ያ የኔ ባቡር ቆሟል፤ ሌላ አዲስ ተተክቷል። ባቡር ሲለወጥ መንገደኛ ይደሰታል፤ የሚያዝነው ብረቱን የሚያውቅ እጅ ነው» አሉት። ከዚያም እጃቸውን በጠጠሩ ላይ አሳርፈው ወደ ባሕሩ ተመለከቱ።

የዚያን ባቡር ታሪክ ብዙዎቻችን በጥቂቱ እናውቀዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን በ1894 ሰጥተው፥ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለ ሆነ ሐዲዱ በግርጌ በኩል አለፈ፤ በ1902 መጨረሻ የደረሰበትም ሜዳ ድሬዳዋ የተባለችውን ከተማ ወለደ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የእንፋሎቱ ባቡር በናፍጣ ባቡር ከተተካ ብዙ ዘመን ሆነው፤ በአሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚደረገውም ጉዞ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2016 የተመረቀውና በ2018 መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ይህ ለአገር የሚጠቅም እድገት መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አሮጌውን ባቡር በእጃቸው ያስተካከሉ፥ ድምፁን ከሩቅ የሚለዩ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሽማግሌዎች ናቸው።

እንግሊዞች ትንሿን ባቡር ያቆዩዋት ስለምታተርፍ ብቻ አይደለም። ከደሞዝተኛው ሠራተኛ ሌላ፥ ዕረፍታቸውን ትተው ያለ ዋጋ የሚያገለግሉ ወዳጆች አሏት፤ ሽማግሌው ለወጣቱ እሳት ማንደድን፥ መጥረግን፥ ዘይት ማጠጣትን ያስተምራል። ችግር የለባትም ማለት ግን አይደለም። እንግሊዝ አገር በከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የመጨረሻውን ጣቢያዋን በ2024 ስለ ዘጋች፥ የአገሩም የከሰል ማዕድን እየተዘጋ ስለ ሄደ፥ ለእንፋሎት ባቡር የሚሆን ጥሩ ከሰል ማግኘት እየከበደ መጥቷል። እንዲያም ሆኖ ተስፋ አልቈረጡም። አንድ ነገር ከጥቅም ውጭ በሆነ ጊዜ ሁለት ዐይነት ሰው ይመጣል፤ አንዱ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጠዋል፥ ሌላው የአባቶቹን ድካም አይቶ ይንከባከበዋል። በመንከባከብም ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

እኛም ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ባቡሩ በክረምት ወራት በየቀኑ ስለማይሄድ፥ ከመነሣት በፊት የጊዜውን ሰሌዳ መመልከት ያስፈልጋል። በዳንጀነስ ነፋሱ በበጋ እንኳ ብርቱ ነውና ለአረጋውያንና ለሕፃናት ጋቢና ካፖርት አይረሳ። ጉዞው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ጧት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል። በጠጠሩ ላይ መራመድ ሽማግሌን ያደክማል፤ ስለዚህ ከጣቢያው አለመራቅ ይሻላል።

ነገር ግን ቁም ነገሩ ያ ባቡር ብቻ አይደለም። በየቤታችን ሸማኔ የነበሩ አባት፥ ገበሬ የነበሩ አያት፥ ነርስ ወይም መምህርት የነበሩ እናት ይኖራሉ። ልጆች አያታቸው ደክመው በወንበር ላይ ሲቀመጡ እንጂ ሥራ ሲሠሩ ስላላዩአቸው፥ ሁልጊዜ እንዲህ የነበሩ ይመስላቸዋል። ሽማግሌውን ሙያው ወዳለበት ስፍራ ይዞ መሄድ፥ ሸማኔውን ወደ ድርና ማግ፥ ገበሬውን ወደ እርሻ ማድረስ፥ ለልጅ አያቱን እንደ አዲስ ማሳየት ነው። ልጁ ይጠይቃል፤ የተጠየቀ ሽማግሌ ደግሞ ከዝምታው ይወጣል። በአማርኛ ለመናገር ምክንያት ያጣ ልጅም ምክንያት ያገኛል፤ ቋንቋ የሚወደደው የሚያስፈልግ ነገር ሲነገርበት ነውና።

ይህንንም ለማድረግ ብዙ ገንዘብ ወይም ረጅም ጉዞ አያሻም፤ አንድ ቀን፥ አንድ ደብተርና ለመጠየቅ የተዘጋጀ ልብ ይበቃል። በእኛ ቤት ያ ደብተር ዛሬ 30 ገጽ ሞልቷል፤ ዐይናቸው ማየት እየተወ በሄደ ቍጥር የልጅ ልጃቸው እያነበበችላቸው፥ የተሳሳተውን ያርማሉ፥ የተረሳውን ይጨምራሉ። አንባቢዎቻችንም በየቤታቸው ያለውን እንዲህ ያለ መጽሐፍ፥ ሳይዘጋ በፊት ከፍተው እንዲያነቡ እንመክራለን።